ጉራቻ የታመመ ጊዜ

ባለፈው ሐሙስ ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ መናኸሪያው አጠገብ ቆመችና አንዲት ልጅ ውሻ ታቅፋ ገባች። ባጃጅ ላይ ዶሮ አይቻለሁ፤ የፍየል ግልገል አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜም የቤት በር ከነመቃኑ ተጭኖ አይቻለሁ። ውሻ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። በአሮጌ ፎጣ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አስተኝታዋለች። ዓይኑ ፈዟል፤ አንገቱን መሸከም አቅቶት ክንዷ ላይ ጥሎታል።

«ምን ሆኖብሽ ነው ልጄ?» አልኳት።

«አይታወቅም እማማ። ትናንት እኮ ደህና ነበር። እንስሳት ክሊኒክ እየወሰድኩት ነው።»

ሾፌሩ በመስታወቱ አየት አደረጋትና ፈገግ አለ። እኔ ግን ፈገግታ አልመጣልኝም። «አይታወቅም» የምትለው ቃል ከዚያች ልጅ አፍ ስትወጣ አርባ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ወሰደችኝ። ቤቴ ገብቼ የገዛሁትን ሽንኩርት ከዘንቢሉ ሳላወጣ ብዙ ቆየሁ።

ከተማችን ያኔ በሁላችንም አፍ አሰበ ተፈሪ ነበረች። ልጆቼ ጭሮ ይሏታል፤ እኔ አፌ እንዳመጣልኝ። አባቴ ዋናው መንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቤታችንም ከሱቁ ጀርባ ነው። ጉራቻ ቡችላ ሳለ አንድ ክረምት ዝናብ ሲሸሽ መጥቶ ከስፌት መኪናው ሥር የተኛ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ውጣ ያላለው ውሻ ነው። መኪናው ሲንኳኳ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ አባቴ እግሩን ከመርገጫው ላይ ሲያነሳ ይነቃል።

ስሙን ያወጡለት ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ናቸው፤ ያውም ሳያስቡት። «አዴ» በእኛ አገር ኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ ከወለዷት ልጅ አልፎ ሰፈሩ በሙሉ አዴ ይላቸው ነበር። ውሻው አጥራቸው አጠገብ ብቅ ባለ ቁጥር «ጉራቻ! ሂድ ከዚህ!» ይሉታል። ጉራቻ ጥቁር ማለት ነው። እሱ ደግሞ መባረሩን ትቶ መጠራቱን ወደደው መሰለኝ፣ ስሙ ሆኖ ቀረ። ሲያባርሩት ጅራቱን እየቆላ የሚመጣ ውሻ ከእሱ ሌላ አላየሁም።

አዴ ፋጡማ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ገበያ ላይ ጫት እየሸጡ የሚኖሩ፣ ረጅምና ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ። ሶላታቸውን የሚያከብሩ ስለሆኑ የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን እንዳይነካው ይጠነቀቃሉ፤ ጉራቻ ባለበት ሲያልፉ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ነው። አንዲት ልጃቸው ረሂማ የክፍሌ ልጅ ነበረች። አስራ አንደኛ ክፍል ነበርን። በሁለታችን ግቢ መካከል የቁልቋል አጥር አለ፤ አጥሩ ደግሞ አንድ ቀዳዳ አለው። በዚያ ቀዳዳ ክብሪት ይሄዳል፣ ጨው ይመጣል፣ የቤት ሥራ ይተላለፋል። በጾም ጊዜ የእናቴ ሽሮ ወደዚያ ያልፋል፤ በረመዳን ሳምቡሳ ወደዚህ ይመጣል።

ነገሩ የሆነው በኅዳር ነው። ኅዳር በእኛ አገር ማሽላው ቀልቶ የሚቆምበት፣ ተራራው ከሥር እስከ ወገቡ የዛገ ብረት የሚመስልበት ወር ነው። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ቀን ግን ፀሐይዋ ደስ ትላለች። ከተማው ሁሉ ጥንቅሽ ይመጥጣል፤ አስተማሪው ሳይቀር ከሰሌዳው ጀርባ ሲልጥ አይተነዋል። የልጅ ሁሉ ከንፈር በአገዳ ልጣጭ የተቆረጠበት ጊዜ ነው። እናቴ በዚያ ሰሞን እህቷ ወልዳ ልታርሳት ሂርና ሄዳለች። ቤቱ ለአባቴና ለእኔ ቀርቷል።

አንድ ጠዋት አባቴ ከቁርሱ ቆርሶ ወረወረለት። ጉራቻ አሸተተው፣ ቀና ብሎ አባቴን አየው፣ ተወው። ምሳ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከስፌት መኪናው ሥር ወጥቶ ግቢው መካከል ቆሞ አገኘሁት። አፉ በከፊል ተከፍቷል፤ የታችኛው መንጋጋው የራሱ አይመስልም። ለሀጩ እንደ ክር ተንጠልጥሎ መሬት ይደርሳል። ጮኾ ሊጠራኝ ሞከረ፤ የወጣው ድምፅ የጎረነነ፣ የማላውቀው ድምፅ ነበር። ከዚያ ወደ ውሃ ጣሳው ሄደ፤ አፍንጫውን ነከረና እንደተቃጠለ ሰው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ውሃ የሸሸ ውሻ ምን ማለት እንደሆነ በእኛ ከተማ ጡት ያልጣለ ልጅም ያውቃል። ቢሆንም ማንም «አብዷል» የምትለዋን ቃል ለመጥራት አልደፈረም። እየመጡ አይተው ሌላ ሌላ ነገር ይናገራሉ። አንዱ ቡዳ በልቶት ነው አለ። አንዷ ጅብ ተፍቶበት ነው አለች። ሌላው መርዝ ነው አለ። ከአባቴ ሱቅ ፊት ለፊት ሻይ የሚያፈላው ሰውዬ ደግሞ ገራባ በልቶ ሰክሮ ነው ሲል አረጋገጠልን፤ ገራባ ሰው ቅሞ የሚጥለው የጫት ትርፍ ነው። ሁሉም ያውቃሉ። ሁሉም እያወቁ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነው የሚናገሩት።

ረሂማ ብቻ ገባች። ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ፣ በዚያ ቀዳዳ በኩል። ጉራቻ በፊት እግሩ አፉን ይቧጥጣል፣ ያርፋል፣ ይቧጥጣል። «አሞታል እኮ ጽጌ፣ የሆነ ነገር አሞታል» አለችና አገጩን ከሥር ያዝ አደረገችው። እኔ ተይ ለማለት አፌን ስከፍት አለቀ። ጭንቅላቱን ሲወዘውዝ ጥርሱ የእጇን ጀርባ ጫረው። ንክሻ እንኳ አይባልም። አንዲት ቀጭን መስመር፣ መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ ቀይ ሆነች። ለሀጩ ግን ክንዷ ድረስ ነበር።

አዴ ፋጡማ ከገበያ ሲጠሩ ሮጠው መጡ። አልጮኹም። ልጃቸውን ወደ ጓሮ ወስደው በሳሙና እጇን አጠቡ፤ ውሃ ቀዱ፣ እንደገና አጠቡ፣ እንደገና። ረሂማ «አዴ በቃ፣ አመመኝ» እያለች ታለቅሳለች፤ እሳቸው ያጥባሉ። ከዚያ ሦስታችን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ «መታጠቡ ጥሩ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ነገር እኔም አላደርግም ነበር» አለ። ሆድ ላይ የሚወጋው መርፌ እሱ ዘንድ እንደሌለ፣ ሐረር ስልክ ደውሎ ማስመጣት እንደሚያስፈልግ ነገረን። ከዚያ አዴን አየና ቃላቱን እየመረጠ እንዲህ አለ፤

«ውሻውን እንዳትገድሉት። እሰሩት፣ ጠብቁት። አሥር ቀን በሕይወት ከቆየ ልጅዎ ምንም አትሆንም ማለት ነው። ከሞተ ግን… ጭንቅላቱ አዲስ አበባ ተልኮ ነው የሚታወቀው። እስኪታወቅ ደግሞ ጊዜ ይሄዳል።»

አዴ ከአማርኛው የቀረላቸው ካለ ብለው ረሂማን በኦሮምኛ አስደገሟት። ልጅቷ ስለ ራሷ ሞት የተነገረውን ለእናቷ ተረጎመች። ያንን ድምፅ አልረሳውም፤ የክፍል ጥያቄ እንደምትመልስ ነበር የተናገረችው።

ቤት ስንመለስ የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። ጎረቤቶች ናቸው የጠሩት፤ አልፈርድባቸውም፤ ልጆች አሏቸው። አባቴ ጉራቻን ከግቢያችን ግራር ግንድ ጋር በሁለት ገመድ አስሮ ከፊቱ ቆሟል። «ታግሰኝ ወንድሜ፣ ሐኪሙ የሚለውን እንስማ» እያለ ይለምነዋል። ጥበቃውም ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ጋሼ፣ እኔ ታዝዤ ነው፤ ዘወር ይበሉ» ይላል።

አዴ ፋጡማ ሁለቱንም አልፈው ሄዱ። ዕድሜ ልካቸውን ሽርጣቸውን ሰብስበው ያለፉትን ውሻ ተጠግተው፣ ለሀጩ እግራቸው ሥር እየተንጠባጠበ፣ ፊታቸውን ወደ ጠመንጃው አዙረው ቆሙ።

«ልጄ ያለችው እዚህ ውሻ ውስጥ ነው» አሉ። «እሱን ከመታህ እሷን መታህ። ሂድ ንገራቸው።»

ጥበቃው ጠመንጃውን ወደ ጀርባው መለሰና ወጣ።

ያኔ ነው ሌላው ችግር የታየን። ጉራቻ መኖር ነበረበት፤ ግን አይበላም፣ አይጠጣም። በተከፈተ አፉ እያለከለከ በዓይናችን ፊት እየደረቀ ነው። ከብት ሐኪሙን ፍለጋ አባቴ ግብርና ቢሮ ሄደ። ዶክተሩ ለከብት ክትባት ቆላ ወርዷል፣ ቦርደዴ አካባቢ ነው፣ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም አሉት። እንግዲህ ያቺ ቃል እንደገና።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ አዴ በቀዳዳው በኩል ጠሩኝ። ጫት የሚጭኑ ሾፌሮችን ሁሉ ስለሚያውቁ ወደ አዋሽ የሚወርድ የጭነት መኪና አግኝተዋል። «አንቺ ነይ» አሉኝ። «ውሻውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሐኪሙ ቢጠይቀኝ እኔ ምን እላለሁ? ጥቁር ነው እላለሁ?» አባቴ ከጉራቻና ከረሂማ ጋር ሊቀር፣ እኔና አዴ ልንሄድ ተስማማን።

ጋቢናው ውስጥ በሾፌሩና በእሳቸው መካከል ተጣብቄ ተቀመጥኩ። ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሚኤሶ የሚወርደው መንገድ ያኔ ኮረኮንች ነው፤ በየመታጠፊያው ሆድ ወደ ጉሮሮ ይመጣል። በላይ በኩል ጭጋግ፣ የቀላ ማሽላ፣ ጭስ የሚተፉ ጎጆዎች። ዝቅ ባልን ቁጥር ኅዳር ከኋላችን ይቀራል፤ አየሩ ይሞቃል፣ ዛፉ ያጥራል፣ እሾህ ይበዛል። ሚኤሶ ስንደርስ ነጠላዬን ከላዬ አውልቄ ጉልበቴ ላይ አደረግሁት። አዴ ከቋጠሮአቸው የማሽላ ቂጣ አወጡ፤ ከአንዲት ሴት የግመል ወተት ገዝተው በጣሳ ሰጡኝ። ጨው ጨው የሚል፣ የጭስ ሽታ ያለው ወተት ነው። አልዋጥልሽ አለኝ። እሳቸውም አልበሉም፤ ቂጣውን በጣታቸው እያደቀቁ መንገዱን ያያሉ።

ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር እየጠበቅሁ ነበር፤ «ውሻችሁ ልጄን በላት» የሚሉበትን ሰዓት። አለመናገራቸው ከመናገራቸው ይልቅ ከበደኝ። በመጨረሻ መንገድ ሲያንገጫግጨን ወጣልኝ፤

«አዴ፣ ተቀይመውናል?»

ዘወር ብለው አዩኝ። «ቅያሜ ጊዜ ይፈልጋል ኢንታላ» አሉ። ኢንታላ ልጄ፣ አንቺ ልጅ እንደማለት ነው። «እኔ አሁን ጊዜ የለኝም። ረሂማ ከመወለዷ በፊት የቀበርኳቸውን ልጆች ታውቂያለሽ? አታውቂም። እናትሽ ታውቃለች። እሷ ስትወለድ ስም ለማውጣት ፈርቼ ብዙ ቆየሁ። ስም ያለው ሰው ሲሞት ይከብዳል ብዬ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

አሰቦት አጠገብ ስናልፍ ወደ ገዳሙ ተራራ ዞሬ አማተብኩ። መንገዱ ዳር ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው የሚሄዱ ተሳላሚዎች ነበሩ። አዴ አይተውኛል።

«ለረሂማ ነው ለውሻው?»

«ለሁለቱም» አልኳቸው።

«ጥሩ። እኔም ሱብሒ ሶላት ላይ ለሁለቱም ነው የለመንኩት። ረቢ ይቅር ይበለኝ፤ ለውሻ ዱዓ አድርጌ አላውቅም።» ሾፌሩ ሳቅ ሲያመልጠው እሳቸውም አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ። በሁለቱ ቀናት ውስጥ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። ሳቁ ግን አልዘለቀም፤ ወዲያው ዓይናቸው ሞላ።

ዶክተሩን ከቦርደዴ አለፍ ብሎ ሜዳ ላይ አገኘነው። መጀመሪያ የታየን አቧራ ነው፤ ከዚያ የከብቱ ጩኸት፤ ከአቧራው ውስጥ ደግሞ በእንጨት አጥር መካከል ከብት እያሳለፉ የሚወጉ ሰዎች። ዶክተሩ ወጣት ነበር፤ ከእኔ ብዙ የሚበልጥ አይመስልም፤ ከንፈሩ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፤ ቅንድቡ በአቧራ ነጥቷል። ስለ ውሻ ነው የመጣነው ስንለው መጀመሪያ በትክክል የሰማን አልመሰለውም።

«እናቴ፣ እነዚህ ሰዎች ከብቶቻቸውን ከሩቅ ነድተው ነው የመጡት። ጥዬ ልሄድ አልችልም።»

አዴ አንቱታ የሚባል ነገር በአማርኛ አልለመዱም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚሉት። «ማን ጣል አለህ?» አሉት። «ጨርስ። እኛ እዚህ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ግን እጅህ ሲሠራ ጆሮህ ባዶ ነው። ይህችን ልጅ ስማት።»

እውነትም መርፌውን ሳያቆም ሰማኝ። ከዚያም መጠየቅ ጀመረ። ጥያቄዎቹ የሐኪም ሳይሆን የጎረቤት ጥያቄ ይመስሉ ነበር። ስሙን ስትጠሪው ይዞራል? ይዞራል አልኩት። በዓይኑ ይከተልሻል? ይከተለኛል። ወደ ውሃ ሲሄድ ፈርቶ ነው የሚመለሰው፣ ሞክሮ አቅቶት? ያ የጣሳ ውሃ፣ የነከረው አፍንጫ በዓይኔ መጣ። «ሞክሮ አቅቶት» አልኩት። አፉን ይቧጥጣል? አዎ፣ በፊት እግሩ። በአንድ በኩል ነው በሁለቱም? በቀኝ። ይህን ስል መርፌውን ለረዳቱ አቀበለና ወደ እኛ ዞረ።

«ምንድን ነው?» አሉ አዴ።

«አላውቅም» አለ ዶክተሩ። «የእብደት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ ውሻ ሳይነክስ፣ ሳይሮጥ፣ መንጋጋው ሽባ ሆኖ ነው የሚሞተው። አፉ ውስጥ የተሰነቀረ ነገርም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ገብቼ ካላየሁ አላውቅም፤ ለማየት ደግሞ እጄን እዚያ አፍ ውስጥ መክተት አለብኝ።»

እኔ ልቤ ወረደ። አዴ ግን ፊታቸው ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። «ይሄ ሐኪም ይሁን» አሉ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ። «ከትናንት ጀምሮ ሁሉም ሰው አውቃለሁ ብሎኛል። ይሄ አንዱ ነው አላውቅም ያለኝ።»

ፀሐዩ ሲበረታ ከብቶቹ ተከትበው አለቁ። ዶክተሩ ፊቱን ታጠበ፣ ሻይ ጠጣ፣ ረዳቱን እዚያው ትቶ እኛን ሾፌር በሚነዳው የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ስለ መንገዱ ብዙ አላስታውስም። የማስታውሰው አዴ በእያንዳንዱ አቀበት ላይ መኪናዋን በጉልበታቸው ወደፊት ሲገፉ ነው፤ እግራቸው ወለሉን ሲጫን አይ ነበር።

ደርሰን ስንወርድ አባቴ ከግራሩ ሥር ቁጢጥ ብሏል። ረሂማ ከደጃፋቸው ሆና በአጥሩ ቀዳዳ ትመለከታለች፤ እጇ በነጭ ጨርቅ ታስሯል። ጉራቻ ጎኑ ላይ ተኝቷል። የጠራሁት ጊዜ ጅራቱ መሬቱን አንድ ጊዜ መታ።

ዶክተሩ እስከ ክርኑ የሚደርስ ወፍራም ጓንት አጠለቀ። አባቴ ከሱቁ ጠንካራ የጨርቅ ቅዳጅ አመጣ፤ አንዱን ከላይኛው መንጋጋ፣ ሌላውን ከታችኛው አሰሩና አንዱን አባቴ፣ ሌላውን የላንድሮቨሩ ሾፌር ያዘ። አፉ ተከፈተ። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጨለማ ነው። አይታየኝም።»

አሰበ ተፈሪ ተራራ የከበባት ከተማ ናት፤ ፀሐይ ከሌላው አገር ቀድማ ትጠልቅባታለች። ያን ሰዓት ተራራው ጫፍ ልትደርስ ትንሽ ቀርቷት ነበር። አባቴ «መስታወቱ!» አለኝ። ደንበኞች አዲስ ልብስ ለክተው የሚያዩበት የሱቁ መስታወት ማለቱ ነው። ሮጬ ከግድግዳው ነቅዬ አመጣሁት፤ ደረቴ ላይ አቁሜ ፀሐይዋን ፈለግኋት። ብርሃኑ መጀመሪያ አጥሩ ላይ ዘለለ፣ ከዚያ የአባቴ ፊት ላይ፣ ከዚያ ጉራቻ አፍ ውስጥ ገባ።

«እንዳትንቀሳቀሺ» አለ ዶክተሩ። ከዚያ «አሃ» አለ።

ጉጠቱን አስገባ። ጉራቻ ተወራጨ፤ አባቴ «አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ጌታ» ይለዋል። አንድ ነገር ቀጭ አለ። ዶክተሩ እጁን ሲያወጣ በጉጠቱ ጫፍ ላይ የጣት ርዝመት ያለው የጎድን አጥንት ስባሪ ነበር። ላንቃው ላይ ከአንዱ መንጋጋ ጥርስ እስከ ሌላው እንደ መቀርቀሪያ ተጋድሞ ነው የቆየው። ጨርቁ ሲፈታ ጉራቻ ጭንቅላቱን ወዘወዘ። አፉን ገጠመ። ከፈተ፣ እንደገና ገጠመ፤ የራሱ መሆኑን የሚያረጋግጥ ይመስል። ከዚያ እየተንገዳገደ ተነስቶ ወደ ጣሳው ሄደና ጠጣ። ግቢው ውስጥ የሚሰማው ያ የመጠጣት ድምፅ ብቻ ነበር።

አዴ ፋጡማ አጥንቱን ጎንበስ ብለው አዩት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል።

«ያ ረቢ» አሉ። «የእኔ ፍየል ነው።»

ባለፈው ዓርብ ለባላቸው መታሰቢያ ሰደቃ አርደው ነበር፤ ሰፈር ውስጥ በዚያ ሳምንት ፍየል ያረደ ሌላ ሰው የለም። «እኔ ነኝ የሰጠሁት። በቀዳዳው። ሁልጊዜ እሰጠዋለሁ» አሉ።

አባቴ ጨርቁን እንደያዘ ቀረ። «አዴ፣ ውሻ አልወድም ይሉ አልነበር እንዴ?»

«አልወድም!» አሉ በቁጣ። «እሱን አልወድም፤ ሲርበው ማየትም አልወድም። ሁለቱም እውነት ነው።» ይህን ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉና እንደ ልጅ አለቀሱ። ረሂማ በቀዳዳው ገብታ አቀፈቻቸው። እኔ መስታወቱን እንዳቀፍኩ ነኝ፤ ፀሐይዋ መጥለቋን እንኳ አላየሁም።

ዶክተሩ ግን ጓንቱን እያጠበ ደስታችንን በልክ አደረገው። «አጥንቱ ለሀጩንም፣ አፉ አለመግጠሙንም ያስረዳል። እኔ ልቤ አምኗል። ቢሆንም በሐኪሙ የተባለው ቀን እስኪሞላ እንደታሰረ ይቆይ፤ ያኔ አውቃለሁ እላችኋለሁ።» ጤና ጣቢያ ሄዶ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገረ፤ መርፌው ተፈልጎ ዝግጁ እንዲሆን፣ ውሻው ግን እንዲጠበቅ ተስማሙ። በማግስቱ ወደ ከብቶቹ ወረደ።

የቀረው መጠበቅ ነው። መጠበቅ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በዚያ ሰሞን በሰፈራችን ማንም ሰው «ረሂማ እንዴት ናት?» ብሎ አልጠየቀም። አፍ አልደፈረውም። ጎረቤቱ ሁሉ፣ እነዚያ ጥበቃውን የጠሩት ሳይቀሩ፣ ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ውሻው እንዴት አደረ?» ይላሉ። ጥበቃው ራሱ ተረኛነቱን ሲጨርስ ጠመንጃውን ትቶ መጥቶ ጠይቋል። አዴ ከገበያ ሆነው ለሚጠይቋቸው ደንበኞች «ሾርባ ጠጣ»፣ «ጮኸ፣ ድምፁ ተመልሶለታል» ይላሉ። አጥንት ግን ወደዚያ ቀዳዳ አልላኩም፤ በዚህ ፋንታ ቂጣ በወተት አርሰው በራሳቸው ሳህን ይልኩለት ነበር፤ ሳህኑንም ለእሱ ተዉለት። ቀኑ ሲሞላ ጉራቻ ከግራሩ ተፈታ፤ መጀመሪያ የሮጠው ወደ አዴ ግቢ ነው። «ጉራቻ! ሂድ ከዚህ!» የሚለው ጩኸት በሰፈሩ ሲሰማ እናቴ ከሂርና ገና መመለሷ ነበርና ሰው ሁሉ ለምን እንደሚስቅ አልገባትም።

ጉራቻ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረ። አዴ ፋጡማን ሰፈሩ በሙሉ ነው የቀበራቸው፤ እኔና ረሂማ ያኔ ልጆች ወልደን ነበር። ረሂማ ድሬዳዋ አግብታ እዚያው ቀረች። አሁን የልጅ ልጅ ትዳራለች። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብንገናኝ ነው። እጇ ላይ ያቺ መስመር እንኳ አትታይም።

ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ድንገት ታሞ ሐረር ሆስፒታል ተኛ። ዛሬ ደህና ነው፤ ይህን ስጽፍ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ከሬዲዮው ጋር ይከራከራል። ያኔ ግን ሐኪሞቹ ምን እንደሆነ ገና አላገኙትም ነበር፤ ምርመራው ሲሄድ ሲመለስ እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበር የምውለው። ዘመድ ይደውላል። «ምን አሉ? ምንድን ነው አሉ?» ይላል። ሰው አስቦ ነው፤ ይገባኛል። እኔ ግን ስልኩ በጮኸ ቁጥር «ገና ነው» ብዬ ቶሎ እዘጋ ጀመር።

አንድ ጠዋት ረሂማ ደወለች። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«ጽጌ፣ ውሻው እንዴት አደረ?» አለችኝ።

ውሻ የለንም። ከጉራቻ በኋላ ውሻ አሳድጌ አላውቅም። የሆስፒታሉን ግድግዳ ተደግፌ ባለቤቴ ወደተኛበት ክፍል አየሁ።

«ውሃ ጠጣ» አልኳት።